ገመዱን ማን ይይዝልሃል

ኡም ጋርጉር፣ ገዳሪፍ አጠገብ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ በእናቴ እግር ተተክተው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለእትየ አሰጋሽ፤

እንደምን ከረሙ? ባለቤትዎ አያ ደመቀስ እንዴት ናቸው? ከብቱ፣ ቀፎው፣ ጎረቤቱ፣ ያ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻችሁስ? የደብራችን ጊዮርጊስ ክፉውን ከደጃችሁ ያርቅልኝ። እኔ ልጅዎ ከቀኝ ተረከዜ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ።

ይህን ወረቀት የሚያመጣልዎ ታምሬ የመተማ ልጅ ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ አሁን ወደ አገሩ ይመለሳል። ታማኝ ነው፤ ብቻ ወሬ ይወዳልና ጠላውን ሲቀዱለት ቀስ እያሉ ይሁን።

የመከራ ደብዳቤ እንዳይመስልዎ ደጉን ላስቀድም። ዝናቡ ዘንድሮ ሸጋ ነበር፣ ማሽላው ሰው ይውጣል። እኔም የራሴን ጎጆ ሠርቼ በሩ ላይ እነሱ ራኩባ የሚሉትን ዳስ ጥያለሁ። ከስደተኛ ጣቢያችን ወዲያ ያለውን አገር ቀልዓ አንነሕል ይሉታል፤ የንብ አምባ ማለት ነው ብለው ሲነግሩኝ እግሬ ራሱ ተነሣ። ሄጄ ባየው ጀበል የሚሉት ተራራ እንደኛ ገደል ባይረዝምም ቀጥ ያለ ነው፣ ስንጥቁ ሁሉ ንብ ነው። ያ አያ ደመቀ ያስተማሩኝ የገደል ማር ቆረጣ በሰው አገር እንጀራ ሆነኝ። ማሩን ገዳሪፍ ሱቅ ሳወርደው ይሻሙበታል።

አሁን ወደ ተረከዜ ልምጣ። ከኅዳር ጀምሮ ከተረከዜ በላይ ያለው ወፍራሙ ጅማት ያመኛል። ድንጋይ ላይ ስሆን እረሳዋለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግን ግድግዳ ይዤ ነው የምራመድ፤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ይለቀኛል። በጣት ሲዳስሱት ባቄላ የዋጠ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ገደሉ መሐል በእግሬ ጣት ቆሜ ሳለሁ ወጋኝና ማሩን ሳልነካ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። እትየ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ገደል ካልወጣሁ እዚህ አገር ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ማጭድማ ማንም ይይዛል።

አያ ደመቀ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷቸው ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ገመዳቸውን የሚይዙላቸው ወንድምዎ አያ ውባየሁም ቢሆኑ ምክር አያጡም። ሁሉንም በያሉበት እጅ ነሥቻለሁ።

ልጅዎ ስማቸው


ጭልጋ
የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ስማቸው ልጄ፤

በቅድሚያ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ብሎ ስላስተማረን ነው እንጂ ለአንተስ የእግዚአብሔር ሰላምታ ይበልጥሃል፤ እሱም ይድረስህ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ቄሱ ዘንድ እየሄዱ ‹እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ› ማለት ቀረ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅ፤ አንተም ስትጀምር እንደ ጉንዳን ነበር የምትሄድ።

እኛ ደህና ነን። ውሻው ሞቷል፤ ጎረቤት አላለቀሰም።

የተረከዝህን ነገር ለደመቀ አነበብኩለት። ድገሚው አለኝና ደገምኩለት። ከዚያ ከላይ በገመድ ይወርዳል ወይስ ከታች በጣቱ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። እኔ ደግሞ ከሱ ቀድሜ የጠየቅሁት ሌላ ነው። ገመዱን ማን ይይዝልሃል? ደብዳቤህን ከላይ እስከታች ፈለግሁ፣ የገመድ ያዥ ስም የለበትም።

ሥርዓቱን ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። ገመድ የሚይዝ የሥጋ ዘመድ አይደለም። የሥጋ ዘመድ ወራሽ ነው፤ ወራሽ ደግሞ ክፉ ባያስብ እንኳ ይታማል። ገመድ የሚይዝ አማች ነው፣ የሚስት ወንድም። እህቱ መበለት ሆና ከነልጆቿ እቤቱ እንዳትመለስበት ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። ወንድሜ ውባየሁ የደመቀን ገመድ የያዘው ስለሚወደው አይደለም፤ እኔን መልሶ መቀለብ ስለማይፈልግ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እጁ አልሸሸም።

ውባየሁ አሁን ቤት የለም። ወዴት ሄደ ብለህ አትጠይቀኝ፣ እኔም አልጽፍም።

ለተረከዝህ የከረመ ቅቤ ልኬልሃለሁ። ታምሬ መንገድ ላይ ፊቱን ካልተቀባው ይደርስሃል። ስኳር እዚህ በራሽን ሆኗልና ሰው ስታገኝ ላክልኝ። የጠየቅሁህን ሳትመልስ ግን ስኳር ብቻ እንዳትልክ።

አክስትህ አሰጋሽ


ኡም ጋርጉር
ሚያዝያ 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትየ አሰጋሽ፤

የትንሣኤው ደስታ ቤትዎን ይሙላው። እኛም እዚህ የጎንደሩም የትግራዩም ተሰብስበን በግ አርደን በላን፤ እስላም ጎረቤቶቻችንም ሻይና ተምር ይዘው እንኳን አደረሳችሁ አሉን። ቅቤው ደርሷል። ከላዩ መቀነሱን በታምሬ ፊት ወዝ አውቄዋለሁ። ስኳሩን ቱርካ ያመጣልዎታል፤ ግመል ነጂ ነው፣ ድንበሩን እንደ ጓሮው ያውቀዋል።

የጠየቁኝን አልሸሽግም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ገመድ የሚይዝልኝ የለም፣ ከታች በጣቴ ነው የምወጣ። ሚስት የሌለኝ ሰው አማች ከየት ላምጣ? የጣቢያው ጎረምሶች እኛ እንይዝልህ ብለውኝ ነበር። እኔ ብወድቅ ምንም የማይጎድልበት ሰው ገመዴን ሲይዝ ታየኝና ተውኩት።

ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ ያመመኝ ቦታ ላይ ብቻ እየመረጠ አሸኝ። ቀጥሎ ይኸው ቱርካ ግመሌ ስታነክስ ያዳንኳት በዚህ ነው ብሎ በጋለ ብረት ተኮሰኝ። ቁስሉ ሲደርቅ ግመሊቱ አሁን የት አለች ብዬ ብጠይቀው ሸጥኳት አለኝ። ከዚያ ዕረፍት ይሻለዋል ብዬ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ተጋደምኩ። ስነሣ ጅማቱ የባሰ ደርቆ ጠበቀኝ።

በመጨረሻ የጣቢያው ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ዘሐራ የምትባል የገዳሪፍ ልጅ ነርስ አለች። አማርኛ ከበሽተኛ ለምዳለች፤ ‹ያማል?› እና ‹ውሸት› የሚሉትን ቃላት አሳምራ ትናገራለች። እግሬን ሳታይ መጀመሪያ ጫማዬን አየች። ከሱቅ የገዛሁት አሮጌ የወታደር ጫማ ነው፤ የኋላው ጠርዝ ጅማቱ ላይ ሲገዘግዝ ኖሯል። በመቀስ ቆረጠችው። ከዚያ ጅማቱን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አልተበጠሰም፣ ደክሟል አለችኝ። ተኝቼም ገደል ላይም እንደማይድን፣ ሥራ እንደሚፈልግ፣ ግን የዝግታ ሥራ መሆኑን ነገረችኝ።

ደረጃ ፈልግ ተባልኩ። ኡም ጋርጉር ውስጥ ደረጃ ያለው ቤት የለም፤ ያለው የውሃ ታንከሩ የሲሚንቶ መቆሚያ ነው። ጠርዙ ላይ በእግሬ ፊት እቆማለሁ። በሁለቱም እግሬ ብድግ እልና በታመመው ብቻ ቀስ እያልኩ ተረከዜን ከጠርዙ በታች አወርዳለሁ። ሲወርድ ትንሽ ቢያም ግድ የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰ ግን አብዝተሃል ማለት ነው ብላኛለች።

ችግሩ ታንከሩ ዘንድ የሴቶች ወረፋ መኖሩ ነው። አንዷ ስግደት ነው ትላለች፣ ሌላዋ ንብ አናቱን ነድፎት ነው ትላለች። ያለምወርቅ የምትባል የሁመራ ልጅ ግን ጀሪካኗን አስቀምጣ ብዙ ካየችኝ በኋላ ‹ወንድሜ፣ ወርደህ ወርደህ የት ልትደርስ ነው?› አለችኝ። ያለምወርቅ ከወንድሟ ከረዳ ጋር ነው የምትኖር። ረዳ ገዳሪፍ የእህል ሎሪ ላይ ጫኝ ነው፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ያለምወርቅ አሁን አሁን ወረፋዋ ሳይደርስም ትመጣለች።

አያ ደመቀ በዘሐራ ነገር ምን ይላሉ? አያ ውባየሁስ ተመለሱ?

ልጅዎ ስማቸው


ጭልጋ
ሐምሌ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ስማቸው ልጄ፤

አብዮታዊ ሰላምታውን እንደደረሰህ ቁጠረው። የእግዚአብሔሩ ግን ሙሉው ይድረስህ፤ ክረምቱ አይክበድህ፣ ወባው አይይህ።

ስኳሩ ደርሷል። ቱርካ ብረቱን ካልያዘ ጥሩ ሰው ነው። ዝናቡ መንገድ ዘግቶበት እኛ ዘንድ ከርሞ ነው ወረቀቴን ይዞ የሚመጣ፤ መዘግየቴን በሱ ፍረድ። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ተረከዝህ ጀመርክና ያለምወርቅ ላይ ጨረስክ። የቱ እንደሚያምህ ገብቶኛል።

ደመቀ ነርሷ ያለችህን ሲሰማ ሳቀ። ‹ይቺ ልጅ ገመድ ጎንጉና ታውቃለች እንዴ?› አለ። አንተም ከልጅነትህ ያየኸው ነው። አዲስ መጫኛ ሲጎነጎን ያንኑ ዕለት ሰው አይንጠለጠልበትም። ወይራው ላይ ይታሰርና ጥቂት ድንጋይ ያለበት ስልቻ ይሰቀልበታል። ሲለምድ ድንጋይ ይጨመራል፣ ደግሞ ይጨመራል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ገመድ ይደርቃል፣ በአንዴ የተጫነም ይበጠሳል። ጅማትም እንዲያው ነው ይልሃል። እንግዲህ ነርሷን ጠይቀህ ከፈቀደች ማሽላ በስልቻ ተሸከምና እንደዚያው ቀስ እያልክ አውርድ፤ ስትለምደው ማሽላ ጨምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሙሉ ስልቻ ተሸክመህ ሳያምህ እስክትወርድ ድረስ ጀበሉን በዓይንህ ብቻ እየው። ከታች በጣትህ ወጣህ የሚል ወሬ ከሰማሁ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ እኔው ነኝ የምተኩስህ።

ሌላ የምልህ፣ ከግንቦት ጀምሮ ወደ እናንተ አገር አንድ ረጅም ዕቃ ተልኳል። የፊት ጥርስ የለውም፣ ሲናገር ያፏጫል። በየመንገዱ ዕቃ የሚፈትሹ ስለበዙ በዱር በዱር ነው የሚመጣ። ከደረሰ ቶሎ አሳውቀኝ። እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም።

ስኳሩ ይብቃን። አሁን የምፈልገው ጓንት ነው። የሎሪ ሰዎች የሚያደርጉት ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ከተገኘ በትንሽ እጅ ልክ። እሾህ ልለቅምበት ነው። ጽሑፌ ካለፈው የባሰ የተንጋደደው ዘነዘና እጄን ልጦኝ ነውና ዓይኗ ደከመ ብለህ እንዳታዝን።

አክስትህ አሰጋሽ


ኡም ጋርጉር
ጥቅምት 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትየ አሰጋሽ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። መስከረም የጠባው ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ነው፤ የላካችሁት ረጅም ዕቃ በነሐሴ ጭቃ በደህና ደርሷል። ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲያፏጭ ሰምቼ ወጣሁ። ቀጥኖ ነበር፤ እግሩ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ። አሁን የሦስት ሰው ራት ይበላል። እትየ፣ ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንቅልፍዎን ይተኙ።

ተረከዜም የምሥራች አለው። ዘሐራ የአያ ደመቀን የገመድ ነገር ሳስረዳት ‹ውሸት› አላለችም፤ ስልቻውን ፈቀደችልኝ። መጀመሪያ አንድ ቁና ማሽላ፣ ከዚያ እየጨመርኩ አሁን ሙሉ ስልቻ ተሸክሜ ነው ከታንከሩ ጠርዝ የምወርድ። ጠዋት ግድግዳ መያዝ ከተውኩ ቆየሁ። ባቄላውም ምስር አክሏል። ያለምወርቅ ዱቄት ተሸክሞ የትም የማይሄድ አህያ አየሁ ብላ ለወረፋው ሁሉ አውርታለች። በገመድ ከሆነ አሁን መውረድ እችላለሁ ተብያለሁ። በጣት መውጣቱ ግን ጅማቱን መልሶ ያደክመዋል፤ እሱን ለዘለዓለም ተወው ብላኛለች።

እንግዲህ ገመድ ያዥ ቀረ። የአገራችን ምርጥ ገመድ ያዥ እጎጆዬ ተቀምጦ ምን ቸገረኝ ብዬ ዕቃውን ገመዴን ያዝልኝ አልኩት። እምቢ አለ። ‹የእህቴ ልጅ ነህ፣ ሥጋዬ ነህ። ብትወድቅ ወራሽህ እኔ ነኝ፤ ሰው ምን ይለኛል?› ንብረቴ አንድ አልጋና ሁለት ጣሳ ነው አልኩት። ሥርዓት በጣሳ አይለካም አለኝ። እኔ እንደሆነ ማሩ በዓይኔ እየዞረ ነው፤ በጋው ሳያልቅ ካልወረድኩ ዘንድሮም አለፈኝ ማለት ነው። እርስዎ ይፍረዱን።

ጓንቱን ከገዳሪፍ አግኝቻለሁ። ባለሱቁ ለማን ነው ሲለኝ ለአክስቴ ብዬው ሳቀ። ዕቃው ግን ሲያየው አልሳቀም፤ እጁ ላይ ሲያገላብጠው ቆየ። እትየ፣ እሱ ከወጣ ወዲያ የአያ ደመቀን ገመድ የሚይዘው ማን ነው?

ልጅዎ ስማቸው


ጭልጋ
ኅዳር 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ስማቸው ልጄ፤

ሰላምታውን በአጭሩ ተቀበለኝ፤ ታምሬ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

የዕቃውን መድረስ ስሰማ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተሳልሜ መጣሁ። ደመቀ አላለቀስኩም ይላል።

ፍርዴ ይህ ነው። ዕቃው ልክ ነው። እኔ ያሳደግሁህ ልጅ ሥርዓት አፍርሶ ገደል እንዲወርድ አልፈርድም። አግባ። ገመድ ያዥ ከፈለግህ መንገዱ ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ የረዳን ክንድ የለካህ ሰው የእህቱን ልብ መለካት አያቅትህም። ለገመድ ብለህ ብቻ እንዳታገባት ግን። ለሷ ብለህ አግባ፣ ገመዱ ምርቃት ይሁንልህ። ዕቃውን ሽማግሌ አድርገህ ላከው፤ ጥርስ ባይኖረውም ምላስ አለው።

ጓንቱ ልክ ሆኗል። እኛም ዘንድ ማሩ ተቆርጧል፣ ዘንድሮ ነጭ ነው። ገመዱን ማን ያዘ ያልከው ላይ ወረቀቱ ረጥቦ አልተነበበኝም።

አክስትህ አሰጋሽ


ኡም ጋርጉር
መጋቢት 4 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትየ አሰጋሽ፣ ለአያ ደመቀም፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ከአሁን ጀምሮ እጅ የሚነሧችሁ ሁለት ልጆች ናቸው። በጥር ያለምወርቅን አገባሁ።

ሽምግልናው እንዲህ ነበር። ዕቃው፣ አሁንስ አጎቴ ልበለው፣ ሁለት ሰው ይዞ ረዳ ዘንድ ሄደ። ረዳ ልጃችሁ ምን አለው ብሎ ሲጠይቅ ጀበል ሙሉ ማር አለው፣ የጎደለው የሚይዘው ሰው ነው አሉት። ረዳ እኅቴንም ሰጥቼ ገመዱንም እኔው ልያዝ ብሎ ተገረመ። ያለምወርቅ ከውስጥ ሆና ስትስቅ ተሰማና ነገሩ በዚያው አለቀ። በሠርጉ ዘሐራም መጥታ ስጨፍር ተረከዜን ነበር የምታይ።

ከሠርጉ በኋላ አጎቴ ረዳን ማሠልጠን ጀመረ። ጀበሉ አናት ላይ አንድ ያረጀ የላሎብ ዛፍ አለ። ገመዱ እሱ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚለቀቅ። ረዳ ጉልበታም ነው፣ ግን እንደ ጫኝ ጉልበቱን በአንዴ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ በእኔ ፋንታ የማሽላ ስልቻ አወረዱ። ስልቻው መሐል ላይ አመለጠውና ታች ፈርጦ ማሽላው ተበተነ። ሦስታችንም ጠርዙ ላይ ቆመን ወፎች ሲለቅሙት አየን። አጎቴ ‹ይኸ ስማቸው ነበር› አለው እንጂ ሌላ አልተቆጣውም። ከዚያን ቀን ወዲያ ረዳ ገመድ በእጁ ብቻ አልያዘም፤ ተቀምጦ፣ እግሩን ድንጋይ አስደግፎ፣ ዛፉን እያመነ መልቀቅ ተማረ።

ቅበላው ሲቃረብ ወረድኩ። አጎቴ በጎን ቆመ፣ ገመዱን ግን አልነካም። ያለምወርቅ ቤት ቅሪ ብትባል እምቢ ብላ መጣችና የገመዱን ጭራ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከወንድሟ ኋላ ተቀመጠች። ጠርዙን ስሻገር ለረዳ የነገረችውን ሰማሁ፤ ‹ረዳ፣ ከለቀቅኸው ዕድሜ ልክህን ከኔ ጋር ነው የምትኖር።› እትየ፣ ሥርዓቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እግሬን ድንጋዩ ላይ ከነተረከዜ ተከልኩት። ያ ውጋት መጣ አልመጣ እያልኩ አንድ እርምጃ ወረድኩ፣ ደግሞ ሌላ። አልመጣም። ሰውነቴ በገመዱ ላይ ነው፣ ጣቴ ባዶውን ነው። እዚያ ተንጠልጥዬ ለብቻዬ ሳቅሁ፣ ሙያዬ ተመለሰልኝ ብዬ። ጭሱን ሰድጄ ማሩን መቁረጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነፋሱ ዞረና ንቡ ወደ ላይ ተነሣ። ገመዱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ለካ፣ አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ረዳን ፊቱን እየነደፉት ነው። ሁለት ዓይኑ እብጠት ሆኖ ሲዘጋ ‹አጆኻ፣ አጆኻ› ይለኛል፤ እኔን ይሁን ራሱን የሚያደፋፍረው አላውቅም። ያለምወርቅ ነጠላዋን አውልቃ ራሱ ላይ ጣለችለትና ሁለት እጇን ከእጁ ኋላ ገመዱ ላይ ጨመረች። አንድ ስንዝር አልሸሸም። ሙሉ አቁማዳ ማር ይዤ ወጣሁ። ረዳ ፊቱ እንደ ቅል ሆኖ ተቀብሎኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ማሩ ይጣፍጣል ወይ ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ያሰብኩት ተረከዜን ነው። ከአልጋ ወርጄ ቆምኩ። ምንም የለም። ያለምወርቅን ቀስቅሼ ምንም የለም አልኳት፤ ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ ብላ ተመልሳ ተኛች።

ከዚህ ወረቀት ጋር በቱርካ እጅ አንድ ቅል ማር ይደርሳችኋል። አያ ደመቀ ቀምሰው ይፍረዱኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ረዳ ፖርት ሱዳን የመርከብ ጭነት ሥራ አግኝቷል፤ ከሚመጣው መከር በፊት ይሄዳል። ሌላ ወንድም የላትም። ያን ጊዜ መልሼ ቤቴ ልቀመጥ ነው? ደግሞም እትየ፣ ጠይቄ ጠይቄ አልመለሱልኝም። አጎቴንም ብጠይቀው እሷው ትንገርህ ይለኛል። የአያ ደመቀን ገመድ የሚይዘው ማን ነው?

ልጅዎ ስማቸው፣ ከባለቤቱ ከያለምወርቅ ጋር


ጭልጋ
ግንቦት 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው፣ ለልጄም ለያለምወርቅ፤

ዛሬ አብዮቱ ይቆየን። ጎጇችሁ ይሙቅ፣ እሸቱ አይለያችሁ፣ ልጅ ይቁምላችሁ። ረዳንም ፊቱን እግዚአብሔር ወደ ቦታው ይመልስለት።

ማሩን ደመቀ ቀመሰው። ጭስ አብዝተሃል አለ። ከዚያ እስኪ ልድገመው ብሎ ደገመ። ከዚያ ቅሉን ከራስጌው አኖረው፤ እኔም የማገኘው ለምኜ ነው።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። ወረቀቱ ረጥቦ አልነበረም።

ውባየሁ በሄደ ጊዜ ደመቀ ሌላ የሚስት ወንድም አልነበረውም፣ እኔም ሌላ ወንድም የለኝም። ማር ከሌለ የምንገብረውም የምንቀምሰውም የለንም። ደመቀ መጫኛውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሰው መሸሽ ጀመረ። ሲደርቅ አየሁት፣ ገመዱንም እሱንም። አንድ ቀን ሥርዓቱን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ገመድ የሚይዝ ማን ነው? እህቱ መበለት እንዳትሆን የሚፈራ ሰው ነው። እንግዲያ ከወንድሟ ይልቅ መበለት የምትሆነው ራሷ ምን ሆነች? ይህን ስነግረው ሴት ጠርዝ ላይ ቆማ ታውቃለች ወይ አለኝ። አላውቅም፣ ዛሬ እቆማለሁ አልኩት።

ሰው ሁሉ ገበያ በሚወርድበት ቀን እየመረጥን እንሄዳለን። ገመዱን ወይራው ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ክብደቱን ዛፉ ነው የሚሸከም፣ እኔ የምይዘው ልኩን ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ መዳፌ ተላጠ። ያ ዘነዘና ያልኩህ እሱ ነው፤ እሾህ ያልኩህም እሱ ነው። ያልጻፍኩልህ አፍሬ አይደለም። በሰው አገር ተቀምጠህ በኛ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው፣ ደግሞም ደብዳቤ ብዙ ዓይን ያየዋል። አሁን ግን ይታይ። ሰሞኑን ጎረቤት አይቶናል፤ አንዳንዱ ጉድ አለ፣ አንዳንዷ ደግሞ ጓንቱን ልሞክረው አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደመቀ ጠርዙን ሲሻገር ‹ውባየሁ፣ ያዝክ?› እያለ ይጣራ ነበር፤ እኔ ቤት ሆኜ ሰምቼ እስኪመለስ እህል አይወርድልኝም። አሁን ‹አሰጋሽ፣ ያዝሽ?› ይላል። ይዣለሁ እለዋለሁ። ልጄ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቃል ደስ ያለኝ የለም። እህልም ይወርድልኛል።

እንግዲህ ረዳ በሰላም ይሂድ። ያለምወርቅ የገመዱን ጭራ ወገቧ ላይ የጠመጠመች ቀን ያዡ ታውቋል፤ አንተ ልብህ ገደሉ ላይ ስለነበር አላስተዋልክም። አጎትህ ረዳን ያስተማረውን እሷንም ያስተምራት። እኔ ሁለተኛ ጓንት አልፈልግም፣ ያለው ገና ነው። ገዳሪፍ ስትወርድ ግን ይዘሃት ሂድና ልኳን ግዛላት።

አክስታችሁ አሰጋሽ